ቀለሜ አይሰነጠቅም

ሰኞ 3

ዝናቡ ዛሬ ገባ። ዝናብ ሲገባ የቀለም ገበያ ይተኛል፤ እርጥብ ግድግዳ የሚቀባ ሞኝ የለም። ስለዚህ ጊዜ አለኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ደግነቱ ከዝናቡ በፊት አንድ ደህና ሥራ ሠርቻለሁ። የገበያ አዳራሻችን የኋላ ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ ነበር። የነጋዴው ማኅበር ሰብሳቢያችን ጠራኝና፣ "ገበያተኛው እሱን እያየ ፊቱን ያዞራል፤ ድፈንና አስውብልኝ" አለኝ። መድፈኛ ጀሶ ሸጥኩለት። በላዩ አርባ ጋሎን ነጭ ቀለም ሸጥኩለት፤ አንደኛ ደረጃውን። ግድግዳውን ምን እንደሰነጠቀው አልጠየቅኩም። የጠየቀኝ ቀለም ነው፣ የሰጠሁት ቀለም ነው።

ግድግዳው አሁን እንደ አዲስ ሳህን ያበራል። የእህቴ የልብስ ስፌት ቦታ ልክ ከሥሩ ነው፤ ሦስት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሬዲዮ። "ወንድም ጋሼ፣ ብርሃን ጨመርክልኝ" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስላቅ፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ መለየት ያቅተኛል።

ሐሙስ 6

ዛሬ በአደባባይ ተሰደብኩ።

ቁልፍና ዚፕ የምትሸጠው እማማ ገና በሩ ላይ ስታየኝ፣ "አንተ ቋጠሮ! ቀለሙን በውኃ አብዝተህ ነው የሸጥከው!" ብላ ጮኸች። ቋጠሮ የሚሉኝ እጄ አይፈታም ብለው ነው። ለነጋዴ የሚያሳፍር ስም አይደለም። የውኃው ነገር ግን ያሳፍራል።

ሄጄ አየሁ። በአዲሱ ቀለም መካከል ፀጉር የሚያህል መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ከተቀባ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

"በዘጠኝ ቀን!" አለ ፍራሽ ሻጩ። "የኔ ፍራሽ እንኳን ዓመት ይቆያል።"

"ያንተ ፍራሽ የሚቆየው የሚተኛበት ሲጠፋ ነው" አልኩት። ሳቁ። ግን በእኔም ሳቁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም ሸጫለሁ። ቀለም ይላጣል፣ ይደበዝዛል፣ ሻጋታ ይበላዋል። የተቀባበት ነገር ካልተንቀሳቀሰ ግን በዘጠኝ ቀን እንደ ምላጭ ቀጥ ብሎ አይሰነጠቅም። ቀለሜ አይሰነጠቅም።

ስለዚህ ትንሽ ጀሶ አቦካሁና መስመሩን እያሻገርኩ በሦስት ቦታ ለጠፍኩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የዛሬን ቀን ጻፍኩ። ጀሶ ደረቅ ነው፣ አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ካልተሰበረ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ያደረግኩት ስሜን ለማጽዳት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሁድ 9

አክስቴ፣ "ዓይኔ ደክሟል" ካለች ከርማለች። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከሰዓት እየሄድኩ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላታለሁ። እናታችን ስትሞት እኔንና እህቴን ወስዳ ያሳደገችን እሷ ናት፤ ስለዚህ "አልመቸኝም" የሚባል ነገር የለም።

ዛሬ ሕዝቅኤልን አለች። አሥራ ሦስተኛውን ምዕራፍ።

"እቴቴ፣ ከመካከል ይጀመራል እንዴ?"

"መጀመሪያውን አውቀዋለሁ። አንብብ።"

አነበብኩ። ሕዝቡ ደካማ ቅጥር ይሠራል። ነቢያት ነን ባዮቹ ይመጡና ላዩን ይለስኑታል፤ ሰላም በሌለበት ሰላም ነው ይላሉ። ከዚያ ዶፉ ይወርዳል። ለነቢይ፣ ይህ ሰው ስለ ልስን ጥሩ እውቀት ነበረው። ልስን የሚሸፍነው ዓይንን ነው እንጂ ግድግዳን አያቆምም፤ እኔም ለደንበኛ የምነግረው ይህንኑ ነው። ሲጠይቀኝ።

አንዱን ቁጥር ዘለልኩ።

"ዘለልክ" አለች አክስቴ።

ተመልሼ አነበብኩት። ቅጥሩ ሲወድቅ ሰው መጥቶ ልስናችሁ የት አለ ብሎ ይጠይቃችኋል የሚል ነው። በቃሏ ታውቀዋለች መሰለኝ።

"የእህትህ ቦታ ጥሩ ብርሃን አገኘ አሉ" አለች ስወጣ።

"ማን ነገረሽ?"

"ኮትህ ትከሻ ላይ ክር አለ፣ አንሳው" አለችኝ፤ ከአልጋዋ ሳትነሳ። ነበር። አነሳሁት።

ምዕራፉ አጋጣሚ ነው።

ማክሰኞ 11

ጀሶው ተሰበረ። ሦስቱም።

ቀለሜ ንጹሕ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ረቡዕ 12

ግንበኛ ወዳጄን ይዤው ሄድኩ። ከጣሪያው ሥር ሚስማር መታና ቱንቢውን አንጠለጠለ። ቱንቢ ቀላል ነገር ነው፤ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ብረት። አይለመንም፣ አይደለልም፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ግድግዳው ደህና ቢሆን ብረቱ የግድግዳውን ሥር መንካት ነበረበት። ሦስት ጣት ርቆ ቆመ። ግድግዳው ወደ ውስጥ፣ ወደ እህቴ መኪናዎች ነው ያዘነበለው።

"ወዳጄ" አለኝ በጆሮዬ፣ "ይሄ ግድግዳ እየሰገደ ነው።"

ከጀርባው ዞረን አየን። ሰብሳቢው ለጭነት መኪና መውጫ ይሆናል ብሎ አፈር አስቆልሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። የዝናቡ ቦይ ከአፈሩ ሥር ተቀብሯል። ውኃው መሄጃ የለውም፤ አፈሩን እያራሰ ግድግዳውን ይገፋል።

"እስከ መቼ ይቆማል?"

"እሱን ዝናቡን ጠይቀው።"

ወደ ሰብሳቢው ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም። አዳራሹን በእጁ እንዳሳደገው ልጅ ነው የሚያየው፤ ልጁ ታሟል ሲሉት የሚቆጣ አባት ዓይነት ነው።

"ጋሼ፣ አፈሩ ይነሣ፤ እስከዚያ የኋላው ረድፍ ይውጣ" አልኩት።

"ምንም የለም። ሰላም ነው።"

"ጀሶው ተሰብሯል።"

"ጀሶህም እንደ ቀለምህ ነዋ! ስማ፣ አንተ ቀለም ነጋዴ ነህ ወይስ ነቢይ?"

"ቀለም ነጋዴ።"

"እንግዲያ ቀለምህን ሽጥ።"

ዓርብ 14

ሕንፃ የሚቆጣጠረው ቢሮ። ሦስት ሰዓት ቆሜ። ማመልከቻው የሰብሳቢው ፊርማ ያስፈልገዋል። መሐንዲሱ ደግሞ የሚመጣው ዝናቡ ሲያቆም ነው፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ።

ለጸሐፊዋ፣ "ዝናቡ ሲያቆምማ ግድግዳውም ሥራውን ይጨርሳል" አልኳት። "እሱን በማመልከቻው ላይ ይጨምሩት" አለችኝ። የምሯን ነው።

እሁድ 16

ዛሬ አክስቴ ሠላሳ ሦስተኛውን አለች። ስለ ጉበኛው። ጉበኛው ጦር ሲመጣ አይቶ መለከቱን ካልነፋ፣ የሞተው ሰው ደም ከእጁ ይፈለጋል።

"ቢነፋና ባይሰሙትስ?" አልኩ።

"ያኔ ነጻ ነው ይላል። አንተ ምን ትላለህ?"

"ነጻ ነው።"

"እህትህ ብትሆንስ የማትሰማው?"

ሰዓቴን አይቼ ተነሣሁ። አክስቴ ሴት ናት፣ አርጅታለች፣ ወሬ ታበዛለች።

ሰኞ 17

ከእህቴ ጋር ተጣላሁ። ልጻፈው።

መኪናዎቹን ወደ ሱቄ አምጪ አልኳት። የእኔ ሱቅ ከፊት በሩ አጠገብ ነው፤ የአዳራሹ ምርጥ ቦታ፤ የኋላው ግድግዳ እንዳለ ቢወድቅ ድንጋዩ እኔ ዘንድ አይደርስም።

እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ፣ "ተነሽልኝ በለኝ እንጂ፤ ግድግዳ ምን አደረገህ?" አለች።

"አይወድቅም ብለሽ ነው?"

"አራት ዓመት ስትለኝ የኖርከው እኮ ነው። ትወድቂያለሽ፣ ትወድቂያለሽ። አንድ ቀን ትክክል ለመሆን ግድግዳውን ታስወድቀዋለህ!"

ልታግዛት የመጣችው ልብስ ሰፊ፣ ሳቋን በጨርቅ አፈነች።

እውነት ነው፤ ብዬ ነበር። ቦታውን ስትይዝ፣ "ስድስት ወር አትቆዪም" አልኳት። ሰው ፊት። ስሌቴ ትክክል ነበር፤ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። እሷ ግን ቆመች። ሦስት መኪና አደረሰች። ተሳስቼ ነበር የሚለውን ነገር እነግራታለሁ እያልኩ ሥራ በዛብኝ።

አራት ዓመት ሥራ በዛብኝ።

ሐሙስ 20

ስንጥቁ እርሳስ ያስገባል። ቱንቢው አምስት ጣት።

ስገባ "ነቢዩ መጣ! ዝናብ ስጠን!" ፍራሽ ሻጩ ነው። እማማ፣ "ዝናቡስ በዝቷል፤ ደንበኛ ይስጠን" አለች።

ከእህቴ ጠረጴዛ በላይ ቀለሙ አብጧል። በጣቴ ነካሁት። ውስጡ ውኃ ነው። የእኔ ቀለም ውኃ እንደ ከረጢት ይዞ ቆሟል። ጥሩ ቀለም ነው።

እሁድ 23

አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ። ወደ ኋላ ተመለስን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሰዎቹ ዓይን አላቸው አያዩም፣ ጆሮ አላቸው አይሰሙም። ስለዚህ ነቢዩ እንደ ስደተኛ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ በጠራራ ቀን፣ እያዩት፣ ከቤቱ እንዲያወጣ ታዘዘ። የሚሰብከው የለም። ተሸክሞ መውጣት ብቻ።

"ሞኝ ነበር ትላለህ?" አለች አክስቴ።

"አይ" አልኩ። "ሰው ወሬ አይገዛም፤ ዕቃ አይቶ ነው የሚገዛው። እሱ ዕቃውን አሳየ።"

አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። እንቅልፍ ሊወስዳት ይሆናል።

ወደ ቤት ስሄድ አሰብኩ። በዚህ አዳራሽ የእኔን ቃል የሚያምን የለም። የእኔን ስስት ግን ሁሉም ያምናል።

ማክሰኞ 25

ዋናው የገበያ ቀን። አዳራሹ ጢም ባለ ሰዓት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ የሱቄን ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ።

ተሸካሚ አልጠራሁም። በራሴ ትከሻ፣ ሁለት ሁለት ጋሎን፣ በመካከለኛው መተላለፊያ፣ በገዢው መካከል። ወደ ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር ወዳለው ባዶ ሜዳ። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ማንንም አላናገርኩም።

በሦስተኛው ዙር ሳቁ። በስድስተኛው ዙር ሳቁ ቀነሰ። በአሥረኛው ዙር ፍራሽ ሻጩ አጠገቤ መጣ።

"ቦታውን ሸጥከው እንዴ?"

"አልሸጥኩም።"

"ለቀቅከው? እንዲሁ? በነጻ?"

ጋሎኖቹን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ወደ እማማ ዞሮ፣ "ኧረ እማማ፣ ቋጠሮ የበሩን ቦታ በነጻ ለቀቀ" አላት። እማማ አማተበች።

ሸሚዜ በላብ ተጣብቆ፣ አሥራ አራተኛው ዙር ላይ እህቴ መተላለፊያው መካከል ቆማ ጠበቀችኝ። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ምን አየህ?"

ስለ ቱንቢው ልነግራት ነበር። ስለ ጀሶው፣ ስለ ቦዩ። ሁሉንም ተዘጋጅቼበት ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ፈራሁ" አልኳት።

አየችኝ። ይህን ቃል ከእኔ ሰምታ አታውቅም። እናታችን የሞተች ቀን እንኳን አላልኩትም፤ እሷ ብላዋለች፣ እኔ ዝም በይ ብያታለሁ።

አንዱን ጋሎን ከትከሻዬ ተቀበለችኝና፣ "በል ና፣ መኪናውን በዚያ በኩል ያዝ፤ ብረት ነው፣ ወገብህን እንዳይሰብርህ" አለች።

ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ ነው እንዲያ ያልኩት።

ረቡዕ 26

የአዳራሹ ነጋዴዎች ሠላሳ አንዱም ወጡ። ሠላሳ አንዱም! ሸራ፣ አጣና፣ ገመድ፣ ጭቃ፣ ጩኸት። እማማ ቦታዋን ሁለት ጊዜ ቀየረች። "ቋጠሮ ከወጣበት ቤት እኔ ገብቼ ልሞት?" ትላለች ለሚሰማት ሁሉ።

ሰብሳቢው አልወጣም። ሰላም መሆኑን ሊያሳየን ጠረጴዛውን ተሸክሞ እህቴ ትሠራበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አስቀመጠ። ብቻውን። "እስከ ቅዳሜ አራት ሰዓት ያልተመለሰ ቦታውን ያጣል" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል።

ዓርብ 28

ዝናቡ ሸራውን በስቶ ይገባል። የእህቴ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ረጠበ። ፊቴ ጨመቀችው፤ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ፍራሽ ሻጩ፣ ፍራሹ ውኃ ጠጥቶ፣ "ነቢይ ሆይ፣ ነገ ጠዋት እኔ እገባለሁ" አለኝ። ሌሎቹም ያንሾካሹካሉ።

ካልወደቀስ? ሃያ ሁለት ዓመት የገነባሁት ስም አለ። ግድግዳው እንዲወድቅ እየተመኘሁ ነው እንዴ? ይህን አልጽፍም።

ቱንቢው ሰባት ጣት።

ቅዳሜ 29

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ነጋዴው ዕቃውን አንሥቶ በሩ ፊት ተሰለፈ። ሊመለሱ ነው። እማማ የቁልፍ ሣጥኗን በጭንቅላቷ ይዛለች። እኔ ቱንቢውን ለማየት ቀድሜ ገባሁ።

ስንዝር ሆኗል። ሙሉ ስንዝር። ቆሜ እያየሁት ብረቱ ንፋስ በሌለበት ተንቀጠቀጠ። ከጣሪያው ሥር አሸዋ እንደ ወንፊት ዱቄት ይወርዳል። ሰብሳቢው ከሥሩ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል፤ አሸዋውን ከገጹ ላይ ጠረገው።

"ጋሼ፣ ይውጡ።"

"አልወጣም።"

"እለምንዎታለሁ።"

"ቀለምህን ሽጥ አልኩህ።"

እጁን ልጎትት ብል ይታገለኛል፤ ለትግል ጊዜ የለም። በሩ ላይ ደግሞ ሠላሳ ሰው ሊገባ ቆሟል። ያኔ ጭንቅላቴ ቀዘቀዘ፤ ገበያ ላይ እንደሚቀዘቅዘው። ይህን ሰው ከወንበሩ የሚያስነሣው ምንድን ነው? እውነት አላስነሣውም።

ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እሺ፣ ጋሼ!" አልኩ። "አሸነፉኝ። ግድግዳው ደህና ነው። ቀለሜ ነው የተበላሸው። ውኃ አብዝቼበታለሁ። የአርባውን ጋሎን ሙሉውን እመልሳለሁ። በሩ ላይ፣ በእነዚህ ሁሉ ምስክር ፊት። ግን አሁን ነው፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

ጋዜጣው ወደቀ። ሰብሳቢው ከእኔ ቀድሞ መተላለፊያውን ጨረሰ! እኔ ከኋላው፣ እጆቼን ዘርግቼ፣ "ወደ ኋላ! ሁላችሁም ወደ ኋላ! መንገዱን ተሻገሩ፣ እዚያ ነው የምፈርመው!" ብዬ እየጮኽኩ ሕዝቡን ገፋሁት። እህቴ ዓይኔን አየች። አልጠየቀችም። የእማማን ክንድ ይዛ፣ "ቋጠሮ ብር ሊመልስ ነው፣ ይሄ አያምልጣችሁ!" ብላ ሁሉንም ወደ ማዶ ነዳቻቸው።

መንገዱን ተሻግረን፣ ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ "እህ፣ አርባ ጋሎን..." ሲል ድምፁ መጣ። መጀመሪያ እንደ ትልቅ ጨርቅ መቀደድ። ከዚያ ምድሩ። ግድግዳው እንዳለ፣ በአንድ ጊዜ፣ በግንባሩ ተደፋ፤ አፈሩና ውኃው በላዩ ገሠገሠ፤ የጣሪያው ግማሽ ተከተለው። ነጭ አቧራ ከበሩ ወጥቶ ሁላችንንም አለበሰን።

ከዚያ እማማ መቁጠር ጀመረች። በጣቷ እየጠቆመች። ጨርቅ ሻጭ፣ ጫማ ሰፊ፣ ሳሙና ሻጭ፣ ፍራሽ ሻጭ። ሁለት ጊዜ ቆጠረች። "ሠላሳ አንድ!" አለች። "ከሰብሳቢው ጋር ሠላሳ ሁለት! አንድ አልጎደለም!" ሣጥኗን ወደ ላይ ወረወረችው። ቁልፉ ሁሉ በዝናቡ ላይ እንደ በረዶ ተበተነ፤ አንድም ሰው አልሳቀባትም፤ ሁሉም ይጮኽ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች በጭቃ ውስጥ ይዘላሉ። ፍራሽ ሻጩ አንገቴን ይዞ ሳመኝ። ጢሙ እርጥብ ነው። ፍራሽ ይሸታል። ተውኩት።

ሰብሳቢው እንደ ሐውልት ነጭ ሆኖ ቆሟል። እስክሪብቶው ገና እጁ ላይ ነው። ብዙ ቆይቶ፣ ልማድ ሆኖበት ይመስለኛል፣ "እንግዲህ... አርባውን ጋሎን ትመልስልኛለህ?" አለኝ።

"ቀለሙ የት አለ፣ ጋሼ?" አልኩት። "ያሳዩኝ።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የት እንዳነበብኩት ትዝ ያለኝ።

ፍርስራሹን አየ። እኔን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲያለቅስ መሰለኝ፤ ይስቅ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም ሆነ። እጄን ይዞ አልለቅም አለ። እኔም አልጎተትኩትም። ያንን ግድግዳ አብረን ነው የቀባነው።

እህቴ አቧራውን ከፊቴ በእጅጌዋ እየጠረገች፣ "ወንድም ጋሼ፣ በሠላሳ ሰው ፊት ቀለሜ መጥፎ ነው አልክ። አመመህ?" አለችኝ።

"በጣም።"

"ይበልህ።"

"ስድስት ወር አትቆዪም ያልኩሽም ስህተት ነበር" አልኳት። ጩኸቱ በዝቶ ስለነበር የሰማች አልመሰለኝም። ግን መጥረጓን አቆመች፤ ከዚያ እንደገና ጠረገችኝ፣ አቧራ የሌለበትን ቦታ ጭምር።

እሁድ 14

ወሩ ተለወጠ፤ አፈሩ ተነሣ፣ ቦዩ ተከፈተ። ግንበኛው ወዳጄ አዲሱን መሠረት ጀምሯል። ሰብሳቢው ራሱ ጧትና ማታ ቱንቢውን ይይዝለታል። ትናንት፣ "ምን ቀለም ይሻላል?" አለኝ። "ቀለም መጨረሻ ነው" አልኩት። "እሺ ነቢይ" አለ። አሁን ሲሉኝ አልቆጣም። ለንግድ ጥሩ ነው።

ከሰዓት አክስቴ ጋ ነበርን፤ እህቴም መጣች። ያን ቀን የተቀደደ ኮቴን ልትሰፋልኝ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ዛሬ የደረቁትን አጥንቶች አንብብ አለች አክስቴ፤ ሠላሳ ሰባተኛውን። አጥንቱ ከአጥንቱ ጋር እየተገጣጠመ በእግሩ የሚቆምበትን።

ሰማዩ ደመና ነበር፤ እህቴ ክሩን ሦስት ጊዜ ሞክራ አልገባላትም። አክስቴ ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ መርፌውን ተቀበለቻት፤ ጫፉን በምላሷ አርሳ በአንድ ጊዜ አሳለፈችውና መለሰችላት።

እህቴ አየችኝ። እኔም አየኋት።

"እቴቴ፣ ዓይንሽ..."

"አንብብ" አለች።

መነጽሬን አስተካከልኩና ቀጠልኩ። አንድም ቁጥር አልዘለልኩም።